ወደ ጉማራ የሚወጡት ዓሣዎች፦ ስለ ጣና ገባር ወንዞች የተደረገ ንግግር



እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ወንዞችና በውስጣቸው ስለሚኖሩት ፍጥረታት ጥበቃ እንድናገር መጋበዜ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም፤ ርእሱ ለባዮሎጂ ትምህርት ክፍል የሚቀርብ ይመስላልና። ሆኖም አንድ ወንዝ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ የሚወስኑት ዝናቡና አፈሩ ብቻ አይደሉም። ስለ ወንዙ የተፈረሙት ውሎች፣ የተጻፉት ዘገባዎች፣ የተነሡት ካርታዎችም ይወስኑታል። በእነዚያ ሰነዶች ውስጥ ምን ተጽፎ ምን እንደተዘለለ መመርመር ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ጣና ገባር ወንዞችና በየክረምቱ ወደነዚያ ወንዞች ስለሚወጡት ዓሣዎች ነው። የምጠራቸው ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመኪና ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው ሁሉ ወረታ ከመድረሱ በፊት ጉማራን፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ ርብን በድልድይ ይሻገራል። በሐምሌና በነሐሴ የሁለቱም ውሃ ቡና መስሎ ይደፈርሳል። ተሳፋሪው በመስኮት አይቶ «ሞልቷል» ብሎ ያልፋል። በዚያ ድፍርስ ውሃ ሥር ግን አንድ ትልቅ ጉዞ እየተካሄደ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሐይቁ ውስጥ ሲመገቡ የቆዩ ትላልቅ ዓሣዎች በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጎርፉን እየተጋፉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጠጠር የተነጠፈበት፣ ውሃው ቀጭንና ፈጣን የሆነበት ሥፍራ ሲደርሱ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ይህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የሚበረታውም በነሐሴና በመስከረም ነው። ከዕንቁላሉ የወጡት ጫጩቶች ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

የዓሣዎቹ የወገን ስም በሳይንስ ላቤዎባርበስ ይባላል፤ ዓሣ አስጋሪውና ገበያው በአጭሩ «ባርበስ» ይላቸዋል። በጣና አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎቻቸው ተለይተው ተገልጸዋል። ከእነርሱ መካከል ከወለል ጭቃ ውስጥ ትል የሚለቅሙ አሉ፤ ዕፅዋት የሚበሉ አሉ፤ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር የዘርፉን ሊቃውንት ከሁሉ በላይ ያስደነቀ ነው። ይህ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የተለየ የምግብ መፍጫ ከረጢትም የለውም። ለአዳኝነት አልተፈጠረም ሊባል በሚችል አካል ስምንት አዳኞች የተገኙት እዚህ ነው።

እዚህ የሆነበትም ምክንያት አለ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከአርባ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። የጣና ዓሣ ከተቀረው የዓባይ ዓሣ ተነጥሎ የቀረው በዚህ ነው። በሐይቁ ወለል ላይ በተደረገው የደለል ጥናት ደግሞ፣ ጣና ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበረና ከ15,000 ዓመት ወዲህ ግድም እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ ታውቋል። እንዲያ ከሆነ ወንዞቹ የዓሣዎቹ መጠለያ ሆነው ያሻገሯቸው ይመስለኛል፤ ሐይቁ ሲጠፋ ከወንዝ በቀር ሊሸሹበት የሚችሉት ቦታ አልነበረምና። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የደለል ባለሙያዎች ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ። ዓሣዎቹ ዛሬም ለመራባት ወደ ወንዝ መመለሳቸው ግን ግምት አይደለም።

አሁን ወደ ሰነዶቹ ልመለስ።

ጣና በዘመናዊ የዲፕሎማሲ ታሪክ ውስጥ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ እርሱም ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ መሆኑ። በ1902፣ በእኛ አቆጣጠር በ1894፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ፣ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። ስለዚህ አንቀጽ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ትርጓሜ ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ አልገባበትም። ከ1920 እስከ 1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ሐይቁን እንዲለኩ ተላኩ። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ፤ ኩባንያውም በ1930ዎቹ መባቻ መሐንዲሶቹን ልኮ አስጠና። ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ የዓባይን ተፋሰስ በሙሉ አጠና። በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ።

ፈራሚው ይለያያል፤ መንግሥቱ ይለያያል፤ ዓላማውም ይለያያል። አንዱ ለግብፅና ለሱዳን ጥጥ ውሃ ይፈልጋል፤ ሌላው ለአዲስ የኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ ብርሃን ይፈልጋል። ጥያቄው ግን አንድ ነበር፦ ስንት ሜትር ኩብ፣ በየትኛው ወር? በዚህ ጥያቄ ውስጥ ገባር ወንዞቹ ወደ ገንዳ የሚያስገቡ ቧንቧዎች ናቸው። ቧንቧ የሚለካው በሚያስገባው መጠን ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ወደ ላይ የሚጓዝ ነገር ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም።

ዓሣውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በደንገል ታንኳ ተንሳፎ ማስገርን ከማንም በፊት ያውቅ ነበር፤ ጉማሬም ያድን ነበር። ይህ ማኅበረሰብ በሚበላው ምግብ ምክንያት ከጎረቤቶቹ ማዕድ ተገልሎ የኖረ ነው። የአገሬው ሰው ቅርፊት የሌለውን አምባዛ እንኳ ይጸየፍ በነበረበት ዘመን፣ ጉማሬ የሚበላውን ሰው ስለ ውሃ የሚያውቀውን ማን ይጠይቀዋል? ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ስለ ሐይቁና ስለ ሰዎቹ በሰፊው ጽፏል። ከዚያ በቀር የውሃው ዕውቀት በአንድ ወገን፣ ስለ ውሃው የሚወስነው ወረቀት በሌላ ወገን ሆነው ኖረዋል። ይህ በተፈጥሮ ሀብት ታሪካችን ውስጥ ደጋግሜ የማገኘው ነገር ነው፤ በደን ታሪክም እንዲሁ ነው።

ዓሣው በወረቀት ላይ የሰፈረው በሌላ መንገድ፣ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች በኩል ነው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎንደርና ወደ ጣና መጥቶ ናሙናዎችን ሰበሰበ፤ ከዚያም በርካታ የጣና ዓሣዎችን በየስማቸው ለይቶ አሳተመ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ላይ ቡሌንጀር በአልኮል ተነክረው የተላኩለትን ዓሣዎች እየመረመረ ሌሎች ስሞችን ጨመረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሐይቁን እንዲያጠና ቡድን ተልኮ ነበርና፣ ቢኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በ1940 ደግሞ ሌሎች ስሞችን አከለ። በዚህ ሁኔታ ስሙ በዝቶ በዝቶ፣ የትኛው ዝርያ የትኛው መልክ እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ሆነ።

በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ይህን ሁሉ አጸዳ። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ የሚገኙትን ትላልቅ ባርበሶች መርምሮ፣ የጣናዎቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ በአንድ ስም ጠቀለላቸው፤ መልካቸው ቢለያይም በሰፊው የሚገኝ አንድ ተለዋዋጭ ዝርያ ናቸው አለ። ሥራው በዘመኑ መመዘኛ ጠንቃቃ ሥራ ነበር፤ እርሱ ያየው በጠርሙስ ውስጥ ያለውን ዓሣ እንጂ በሐይቁ ውስጥ ያለውን አልነበረም። ነገር ግን ቀኑን ልብ በሉልኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት በሳይንስ መዝገብ ላይ የሰፈረው የጣና ባርበስ በአብዛኛው አንድ፣ የትም የሚገኝ፣ ቢነካ የማይጎዳ ዓሣ ነበር።

በጣና ዘመናዊው ማስገር የተጀመረውም በእነዚሁ ሃያ ዓመታት ውስጥ፣ በ1986 ነው። የሐይቅ ዓሣ ሀብት ልማት መርሐ ግብር በግብርና ሚኒስቴርና በኔዘርላንድስ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ትብብር ተቋቋመ። ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች መጡ። የረኃቡ ዘመን ገና አላለፈም ነበርና ዓላማው የሚወቀስ አልነበረም፤ ለዳር ነዋሪው ሥራ፣ ለከተማው ምግብ ማስገኘት ነበር። በደንገል ታንኳ የሚያስግረው ሰው ከዳርቻው ብዙ አይርቅም፤ የሞተር ጀልባው ግን ሐይቁን አቋርጦ ከሌላው ዳር የወንዝ አፍ ድረስ ይደርሳል። በነሐሴ ዓሣው ሁሉ በወንዝ አፍ ተሰብስቦ ሲጠብቅ፣ መረብ የሚጣልበት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ለአስጋሪው ይህ ብልህነት ነው። ለዓሣው ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚያልፍበት ብቸኛ በር ላይ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የፍልሰታ ጾም የሚውለው ነሐሴ ላይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ግን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ባርበስ ቅርፊት ያለው ዓሣ በመሆኑ አምባዛን የሚጸየፈውም ሰው ይገዛዋል።

ኔዘርላንዳውያኑ ናገልኬርኬና ሲቢንግ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓሣዎቹን በሐይቁ ላይ ሆነው ማጥናት ጀመሩ። የአፋቸውን ቅርጽ፣ የሚበሉትን፣ የሚውሉበትን ጥልቀት አንድ በአንድ ለኩ። መልሱ ከ1973ቱ የተለየ ሆነ፤ አንድ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ከጉማራና ከገልዳ ጀምረው ዝርያዎቹ በወንዝ ውስጥ በየራሳቸው ጊዜና ቦታ እንደሚራቡ አሳዩ። ዋሴ አንተነህ፣ አበበ ጌታሁንና እሸቴ ደጀን ደግሞ ጥናቱን በሰሜን በኩል ወዳሉት ወደ ድርማና መገጭ አሰፉት። የአገራችን ሰዎች በስማቸው በዚህ መዝገብ ውስጥ የገቡት እዚህ ላይ ነው፤ ከሩፔል ወዲህ አንድ መቶ ስድሳ ዓመት አልፎ ማለት ነው።

ዝርያዎቹ በስም በታወቁበት በዚያው ጊዜ ቁጥራቸው ሲቆጠር የተገኘው ምን ነበር? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተወሰደው ናሙና ጋር ሲነጻጸር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ወንዝ የሚወጡት ትላልቅ ባርበሶች 75 በመቶ ያህል ቀንሰው ነበር፤ ገና ያላደጉት ደግሞ 90 በመቶ ያህል። ሁለተኛው አኃዝ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስፈራኛል። ትልልቁ ሲቀንስ ተይዞ ተበልቷል ማለት ይቻላል፤ ትንንሹ ሲጠፋ ግን ያልተወለደ ትውልድ አለ ማለት ነው።

ያልተወለደው ለምንድን ነው? መረቡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። በላይኛው ወንዝ በብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣ ማስከር የቆየ ልማድ ነው፤ ብርብራው ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያንሳፍፋል። ዕንቁላሉ የሚጣበቅበትን ጠጠርና አሸዋ ለግንባታ የሚጭኑ መኪናዎች ከወንዙ ወለል ያነሡታል። የቀረው ጠጠር ደግሞ ከጉና ተራራ ጀምሮ ከታረሰው ተዳፋት በሚወርደው ደለል ይሸፈናል፤ ደለል የለበሰ ዕንቁላል አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ መካከል የነበሩት ወላላና ሸሸር የተባሉት ረግረጎች፣ ለዓሣ ጫጩትም ለወፍም መጠጊያ የነበሩት፣ ለበጋ እርሻ እየተጠጡና እየታረሱ ጠበዋል። ዓሣው ለመውጣት ጎርፍ ይሻል፤ ጫጩቱ ለመውረድ ደግሞ ከመስከረም በኋላ ወንዙ እንዳይቋረጥ ይሻል። በመስኖ ሞተር የሚሳበው ውሃ የሚጎዳው ይህን ሁለተኛውን ጉዞ ነው።

ከሁሉም በላይ ስላለው ስለ ግድብ ደግሞ ላንሣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓባይ መውጫ ላይ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ በር ተሠራ። የመቶ ዓመቱ ጥያቄ መልስ ያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ ጣና በእርግጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ማጠራቀሚያ ሆነ። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ2001 ሲጀምር ፏፏቴው አብዛኛውን ውሃውን አጣ። በ2003 ዝናብ በማነሱና ለኃይል ብዙ ውሃ በመለቀቁ ሐይቁ እስከዚያ ከተለካው ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ወረደ፤ ጀልባዎች መንቀሳቀስ አቃታቸው። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ውሃውን በዋሻ በምዕራብ በኩል ወሰደ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ሐይቁ ውሃ በሚሰጥበት በኩል ነው። ዓሣው የሚራባው ግን ውሃ በሚቀበልበት በኩል ነው፤ አሁን ሥራው ወደዚያ ተሻግሯል። በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ በመገጭም ተጀምሯል፤ በጣና ተፋሰስ ለመስኖ ከተጠኑት መካከል ጉማራም ይገኝበታል።

እነዚህ ግድቦች አያስፈልጉም የሚል ሰው ከፎገራ ገበሬ ጋር ተቀምጦ ያልተነጋገረ ነው። ፎገራ በ1980ዎቹ ሩዝ ገብቶለት ኑሮው የተለወጠ አገር ነው፤ ክረምት ሜዳውን የሚውጠው ጎርፍ በበጋ ቢገኝ ሁለተኛ ምርት ይሆናል። ጎርፉም ቤትና ከብት ይወስዳል። ከተማሪዎቼ ጋር በዚያ አካባቢ ስንዞር አንድ አዛውንት «ዓሣው ለእናንተ ጥናት ነው፤ ለኔ ግን ውሃው ልጆቼ ናቸው» ብለውኛል። ለእኚህ ሰው የሚሰጥ መልስ የሌለው የተፈጥሮ ጥበቃ ንግግር ከአዳራሽ ባይወጣ ይሻላል። እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ግድቡም ዓሣውም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ተዳፋት ነው፤ ጉና ላይ የሚታጠበው አፈር የዓሣውን ዕንቁላል ሲቀብር የግድቡንም ሆድ ይሞላል። ግድቡ በደለል ሲሞላ የልጅ ልጆቻቸው ውሃውንም አያገኙትም። በዚህ ጉዳይ ላይ ገበሬውና ዓሣው ተቃራኒ አይደሉም። ተቃራኒ የሚሆኑበት ሌላ ቦታ ግን አለ፤ እርሱን አልሸሽግም፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሕግ አለን። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በእኛ አቆጣጠር በ1995 የወጣ ነው፤ የአማራ ክልልም አዋጅ ቁጥር 92 አለው። ፈቃድ አሰጣጥን፣ የማስገሪያ መሣሪያን፣ ቁጥጥርን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን ይዘዋል። በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። እንግዲህ ከ1902 ጋር ሲነጻጸር ዓሣው በወረቀት ላይ ገብቷል ማለት ነው። ግን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነባቸው አንድ ክፍተት አያለሁ፦ የዓሣ አዋጅ አስጋሪውን ይመለከታል፤ የግድብ ሰነድ ውሃውን ይመለከታል፤ አስጋሪው በነሐሴ መረቡን ቢሰበስብ እንኳ የግድቡ በር በነሐሴ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያኖር ሥልጣን ያለው ክፍል ሊኖር ይገባል። ደሀውን አስጋሪ እየከለከሉ ትልቁን መሐንዲስ አለመጠየቅ ፍትሕም አይመስለኝም።

ስለ እምቦጭም አንድ ነገር ልበል፤ ሳልጠቅሰው ብወርድ ቅር የሚለው አይጠፋም። አረሙ በ2011 በመገጭ አፍ ከታወቀ ጀምሮ የሕዝቡ ልብ ሁሉ ወደ እርሱ ሄዷል። ገበሬው በእጁ ነቅሎታል፤ ተማሪው በዘመቻ ወጥቷል፤ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ልከዋል። ይህ የሚያኮራ ነው። ይሁንና እምቦጭ የሚታይ ጠላት ነው፤ አረንጓዴ ነው፤ በፎቶግራፍ ይነሣል። የዓሣው መጥፋት አይታይም፤ ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ምን እንደጎደለ አያውቅም። ለማይታየው ነገር ሕዝብ ማስነሣት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለአረሙ ከዋለው ጉልበት ጥቂቱ ለወንዞቹ ቢውል ግን እላለሁ።

ይህ ማጋነን እንዳይመስላችሁ ወደ ፊሊፒንስ ልውሰዳችሁ። በሚንዳናው ደሴት ላይ ላናው የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያ ሐይቅ ከጣናዎቹ ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆኑ፣ እንደ ጣናዎቹ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ብዙ ዝርያ ሆነው የተገኙ ዓሣዎች ነበሩ። አሜሪካዊው አልበርት ሄር በ1924 አሥራ ስምንት ዝርያዎች ብሎ ገለጻቸው። በዓለም የዝግመተ ለውጥ መጻሕፍት ውስጥ ለዘመናት ምሳሌ ሆነው ሲጠቀሱ የኖሩት እነርሱ ናቸው። ከዚያ ከሌላ ቦታ የመጡ ዓሣዎች ገቡ፤ ማስገሩም ከልክ አለፈ። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናው ብቸኛ ዝርያዎች አሥራ አምስቱ መጥፋታቸውን፣ የቀሩት ሁለቱም በከፋ አደጋ ላይ መሆናቸውን አስታወቀ። የሄር ናሙናዎች ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማኒላ ስትወድም አብረው ጠፍተዋል። እንግዲህ ዛሬ ሰው ስለ አንዳንዶቹ ዓሣዎች የሚያውቀው በ1924 የተጻፈውን ብቻ ነው። ለታሪክ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ ሰነዱ ተርፎ ምስክሩ ሁሉ የሞተበት ጉዳይ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የጣና ባርበሶች ከዚህ ቤተሰብ በዓለም ላይ በአንድ ሐይቅ ውስጥ በዚህ ብዛት ተሟልቶ የቀረ ብቸኛ የትላልቅ ዓሣ ስብስብ ሆነዋል። ከሐይቅ ስፋት አንጻር ጣና ትልቅ አይደለም፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ቢጠልቅ 14 ሜትር ነው። በመላው ዓለም የጨው ያልሆነ የገጸ ምድር ውሃ ከምድር ገጽ አንድ መቶኛውን እንኳ አይሸፍንም፤ ከሚታወቁት የዓሣ ዝርያዎች ግን ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት በዚያ ውስጥ ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ሕይወት ሲታጨቅ፣ አንድ በር መዝጋት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ ይከፋል።

ገበሬውና ዓሣው ወደሚቃረኑበት ቦታ ቃሌን ጠብቄ ልመለስ። ከአራቱ ታላላቅ ገባሮች፣ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ፣ ለሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ ይመጣል። ሁሉም ከተገደቡ፣ ዓሣው ከሚወጣባቸው መንገዶች ዋና ዋናዎቹ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይዘጋሉ። ግድብ ሠርቶ ለዓሣ መወጣጫ መሥራት በሌሎች አገሮች ተሞክሯል፤ መወጣጫው የዓሣውን አቅምና ጠባይ ካላወቀ ግን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እኔ የምለው፣ በርብና በመገጭ ላይ ክረምት ውሃ የሚለቀቅበት ደንብ ተጽፎ ይተግበር፤ ጉማራ ደግሞ በዋናው ወንዙ ላይ ግድብ ሳይሠራበት ይቆይ። አፉ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለመረብ ይዘጋ። የጠጠርና የአሸዋ ማውጫው ዕንቁላል ከሚጣልባቸው ጅረቶች ይነሣ። ይህ ለጉማራ ገበሬ ዋጋ አለው፤ ከጎረቤቱ ከርብ ገበሬ ያነሰ የመስኖ ውሃ ያገኛል። ዋጋውን እርሱ ብቻ እንዲከፍል መፍረድ አይገባንም። የከርሰ ምድር ውሃ፣ ከዋናው ወንዝ ውጭ የሚሠሩ አነስተኛ ኩሬዎች፣ ለተዘጋው ወራት የአስጋሪው መተዳደሪያ፣ ይህ ሁሉ በበጀት ተጽፎ ከእገዳው ቀድሞ መድረስ አለበት። እገዳው ቀድሞ ካሳው የሚከተል ከሆነ ውጤቱን ከብሔራዊ ፓርኮቻችን ታሪክ እናውቀዋለን።

ለምን ጉማራ? ከሁሉም በላይ የተጠናው እርሱ ስለሆነ ነው። የትኛው ዝርያ መቼ እንደሚወጣ፣ የት እንደሚጥል ከሌሎቹ ይበልጥ የምናውቀው በጉማራ ነው። ወንዙን ክፍት ብናቆየው ከሃያ ዓመት በፊት ከተለካው ጋር አስተያይተን ዓሣው ማገገሙን ማወቅ እንችላለን። ባልተለካ ወንዝ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም።

የጉማራ የመስኖ ጥናት ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ከዚህ አዳራሽ የሚጠራ ባለሙያ መኖሩ አይቀርም፤ ብዙዎቻችሁ የውሃ ምሕንድስናና የግብርና ተማሪዎች ናችሁ። ያን ጊዜ የወር በወር የፍሰት ሠንጠረዡ ሲቀርብላችሁ፣ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ረድፍ ላይ ከግድቡ በታች ምን ያህል ውሃ እንደሚቀር ጠይቁ፤ አኃዙ ከሌለ እንዲጻፍ ጠይቁ። የጉማራን ገባሮች የሚያሳየውን ካርታ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የዕንቁላል መጣያዎቹ በቀይ ተመልክተዋል። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።